ሰልፉ ቶሮንቶ፣ ስልኩ ለገጣፎ

ለገጣፎ ውስጥ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በውክልና ነው። ባለቤቱ ቶሮንቶ፣ ዴንቨር ወይም ስቶክሆልም ይኖራል። ከግንበኛ ጋር የምትከራከረው፣ ግብር የምትከፍለው፣ ተከራይ የምታስገባው እናቱ ወይም እህቱ ናት። ውክልናው ደግሞ በቀላሉ አይመጣም። ልጁ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ይፈርማል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያም፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው ማለት ነው፣ ውጭ ለሚኖረው ሰው በኤምባሲ በኩል ነው የሚያልፈው።

ይህ የተለመደ የመንግሥት አገልግሎት ነው፤ ነውር የለበትም። ግን ውጭ ያለ ሰው ፖለቲካ ለመናገር ለምን እንደሚፈራ መረዳት የፈለገ ከዚህ ይጀምር። ቤቱ እዚህ ነው። እናቱ እዚህ ናት። ወረቀቱ የሚያልፈው በመንግሥት እጅ ነው። ፓስፖርቱ የካናዳ ቢሆንም፣ የሚያመው ቦታ ያለው ከካራ ማዶ፣ ለገጣፎ ነው።

ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ባለፉት ዓመታት ስለ ውጭ ጣልቃ ገብነት ብዙ ሲያወሩ ከርመዋል። ሕግ ያወጡ፣ አጣሪ ኮሚሽን ያቋቋሙም አሉ። እኛም ዘመዶቻችን እዚያ ስላሉ ወሬው ይደርሰናል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ክርክሩ ምርጫና ፓርላማ ላይ ተተክሎ ዋናውን መንገድ አልፎታል። ዲያስፖራው ላይ የሚደርሰው ጫና በአብዛኛው የሚጓዘው በቤተሰብ በኩል ነው። ያ ቤተሰብ ያለው ደግሞ የቶሮንቶ ፖሊስ በማይደርስበት ሰፈር ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካናዳን ያስደነገጣት አንድ ግድያ ነው። ጁን 2023 ሃርዲፕ ሲንግ ኒጃር የተባለ የሕንድ ተወላጅ የሲክ እምነት አክቲቪስት ሰሬ በምትባል ከተማ፣ በቤተ እምነቱ ግቢ በጥይት ተገደለ። ሴፕቴምበር ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ፓርላማ ቆመው የሕንድ መንግሥት ወኪሎች እጅ እንዳለበት የሚያሳይ ተአማኒ ጥቆማ አለ አሉ። ሕንድ አስተባበለች። በዚያው ወር በዳኛ ማሪ ጆዜ ኦግ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጁን 2024 አዲስ ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ለውጭ መንግሥት ብሎ የሚሠራ ሰው እንዲመዘገብ ያዛል፤ በውጭ አካል ስም ሰውን ማስፈራራትንም ወንጀል ያደርጋል። ኮሚሽኑ በ2025 መጀመሪያ የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። የሪፖርቱ ትልቁ ክፍል ስለ ምርጫና ስለ ሐሰተኛ መረጃ ነው። በስደተኛ ማኅበረሰቦች ላይ ስለሚደርሰው ጫና ከባድ ነገር መሆኑን ተናግሯል፤ ሥልጣኑ ግን ወደዚያ ጠልቆ ለመግባት አይፈቅድለትም ነበር።

አውስትራሊያ ቀድማለች። የ2018 ሕጓ በግልጽ በሚደረግ ተጽዕኖና በጣልቃ ገብነት መካከል መስመር አስምሯል። አንድ አገር በአምባሳደሩ በኩል ፊት ለፊት ቢከራከር መብቱ ነው። በድብቅ ከሠራ፣ ካታለለ ወይም ካስፈራራ ግን ወንጀል ነው። ይህ መስመር ለእኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም እኛ ዘንድ ሁለቱ በጣም ተደባልቀዋል።

እስቲ በዚህ መስመር የራሳችንን ታሪክ እንየው። ኦክቶበር 2007 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኤች.አር. 2003 የተባለውን በኢትዮጵያ ላይ ያተኮረ ረቂቅ አሳለፈ። ከ2005ቱ (በእኛ 1997) ምርጫችን በኋላ ዲያስፖራው ከቢሮ ቢሮ እየዞረ የገፋው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ ተከራከረ። ድርጅቱ በ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ መሠረት የተመዘገበ ስለሆነ ስንት እንደተከፈለው ማንም ማየት ይችላል። ረቂቁ ሴኔት ላይ ቀረ። አፕሪል 2018 ደግሞ ኤች.ሬስ. 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ ምክር ቤቱን አለፈ። ኖቬምበር 2021 በጦርነቱ መሐል የ«በቃ» ሰልፈኞች ከዋሽንግተን እስከ ለንደን መንገድ ሞሉ። የትግራይ ተወላጆችም የራሳቸውን ሰልፍ በእነዚያው ከተሞች አደረጉ።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ጣልቃ ገብነት? እንደ እኔ አንዱም አይደለም። የሚያናድደን ይኖራል። መፈክሩ የሚያቆስለን ይኖራል። ግን ዜጋው በሚኖርበት አገር ለመረጠው ተወካይ ስልክ ደውሎ «ስለ አገሬ ይህን አድርግልኝ» ማለቱ እዚያ አገር የተለመደ ፖለቲካ ነው። መንግሥትም ሎቢ መቅጠሩ፣ ተመዝግቦ እስከሆነ ድረስ፣ ያው ነው። የማልወደውን ሰልፍ ሁሉ «የባዕድ ተላላኪ» ካልኩ፣ የእውነተኛው ማስፈራራት ቀን ሲመጣ የሚሰማኝ ሰው አላገኝም።

እውነተኛው እንዴት እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእኛው ሰዎች ላይ የደረሰ ነው።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አለ። አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ፍርድ ቤት የቀረበው ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም ነው፤ እውነተኛ ስሙን ቢጠቀም እዚህ ያለው ቤተሰቡ እንዳይጎዳ ስለፈራ። በ2012 መጨረሻ አንድ የወርድ ፋይል በኢሜይል ይደርሰዋል። ይከፍተዋል። ፋይሉ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ለወራት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፣ ኢሜይሉን ገለበጠ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ጎግል ያደረገውን ሳይቀር መዝግቧል። ሶፍትዌሩ ያገኘውን የሚልከው ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር መሆኑን ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ጥናት ገልጾ ነበር። ጥናቱ በመረመረው ሌላ ፋይል ላይ ማጥመጃው የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶ ነበር። የተቃዋሚውን ዜና የሚከታተል ሰው ያንን ፎቶ ሳይከፍት አያልፍም፤ አጥማጆቹ ይህንን ያውቃሉ።

ሰውዬው በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተሸነፈ። የተሸነፈበት ምክንያት ደግሞ ሊታወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም እስካሁን በሩን ዘግቶ የያዘው ያ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ግን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ምድር ላይ መፈጸም አለበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2017 ሐሳቡም ትዕዛዙም የመጣው ከባሕር ማዶ ስለሆነ ጉዳዩን አላይም አለ። በሌላ አነጋገር ሰላዩ በአካል መጥቶ በር ቢሰብር ኖሮ ክሱ የመታየት ዕድል ነበረው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ሲጫን ግን የሚጠየቅበት ፍርድ ቤት ጠፋ። የለንደን ፍርድ ቤት በ2022 ከሳዑዲ መንግሥት ጋር በተያያዘ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ በተቃራኒው ወስኖ ክሱ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ስለዚህ ነገሩ መሆን የሚችል ነው።

ሌሎችም ነበሩ። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ መሆናቸው ተገለጠ። በ2015 የኩባንያው ሰነድ ተጠልፎ ኢንተርኔት ላይ ሲዘረገፍ ከኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለው ታየ። ዲሴምበር 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት በኦኤምኤን ኃላፊ በነበረው ጃዋር መሐመድና በሌሎች ላይ መሞከሩን ሲቲዝን ላብ አሳወቀ። የቪዲዮ ገጽ መስሎ ይመጣል። «ፍላሽ ማጫወቻህን አድስ» ይላል። ስታድሰው ገባ።

ከኤሌክትሮኒክሱም የከፋ አለ። አንዳርጋቸው ጽጌ የእንግሊዝ ዜጋ ነው። ጁን 2014 ሰንዓ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ሊቀይር ሲል ተይዞ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የተፈታው በሜይ 2018 ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ፤ ኢሳትም ኦኤምኤንም አዲስ አበባ ቢሮ ከፈቱ። ስደተኛ የነበሩት አክቲቪስቶች በቦሌ በክብር ገቡ። ግን አንዴ የታየ ነገር ከሰው ልብ ቶሎ አይወጣም። ዛሬ አንድ ሰው «ስማችን ያለበት ሊስት አለ» ብሎ ቢያስወራ ብዙዎች ሳያጣሩ የሚያምኑት ከዚህ የተነሳ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ፍሪደም ሃውስ በ2021 ባወጣው ጥናት ከ2014 ጀምሮ መንግሥታት ከድንበራቸው ውጭ በራሳቸው ሰዎች ላይ የፈጸሟቸውን 608 አካላዊ ድርጊቶች ቆጥሯል። ግድያ፣ እገታ፣ አስገድዶ መመለስና የመሳሰሉት ናቸው። የርዋንዳው ፖል ሩሴሳባጊና በ2020 ወደ ሌላ አገር የምትበር መስሎት የተሳፈረባት አውሮፕላን ኪጋሊ አሳረፈችው። የኤርትራው 2 በመቶ ግብር ደግሞ ከውክልናው ነገር ጋር ስለሚመሳሰል ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የጸጥታው ምክር ቤት በ2011 በውሳኔ ቁጥር 2023 ኤርትራ ውጭ ካሉ ዜጎቿ በማስፈራራትና በማጭበርበር ግብር መሰብሰቧን እንድታቆም ጠየቀ። ካናዳ በ2013 ቶሮንቶ የነበረውን ቆንስል በዚሁ ጉዳይ አባረረች። ቅሬታ አቅራቢዎቹ የሚሉት ግልጽ ነው፤ ካልከፈልክ ወረቀት አይሠራልህም፣ ቤተሰብህም እዚያ ይቸገራል።

ቤተሰብ። እዚህ ጋ ልቆይ።

ከእኛ ሰፈር ልጃቸው ካናዳ ያለ አንዲት እናት አሉ። ቡና ስንጠጣ ነው የነገሩኝ። ልጁ ሰልፍ ወጥቶ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ ጨዋ ነው፤ «እማማ» እያለ ነው ያናገራቸው። «ልጅዎ ደህና ነው? ፎቶውን አየነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይምከሩት» አለ። ስሙን አልተናገረም። ዘጋው። ይኸው ነው።

እሳቸው ያን ሌሊት አልተኙም። ማታውኑ በኢሞ ለልጃቸው ደወሉ። «ልጄ፣ አንተ እዚያ ምን ቸገረህ፤ እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት። ተወኝ በናትህ» አሉት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሰልፍ አልወጣም፤ ፎቶውንም አጠፋው።

ይህን ደጋግሜ አሰብኩበት። ደዋዩ የመንግሥት ሰው ሊሆን ይችላል። የሌላ ወገን ደጋፊም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሊጠይቅ መንገድ የሚያመቻች አጭበርባሪም ይሆናል። ጫናው የሚሠራው ይህ ስለማይታወቅ ነው። የተናገረው ቃል ሁሉ መልካም ነው። ዛቻ የለበትም። ፖሊስ ጋ ቢሄዱ ምን ብለው ያመለክታሉ? «ልጅዎ ጎበዝ ነው አለኝ» ብለው? በሌላ በኩል ግን የካናዳ ሕገ መንግሥት የሰጠው የመናገር መብት በአንድ የስልክ ጥሪ ለገጣፎ ላይ ተሰረዘ። ካናዳ ውስጥ ማንም አልነካውም። አጥኚዎች በሦስተኛ ወገን በኩል የሚደረግ ጫና የሚሉት ይህንን ነው። የኢራኗ ጋዜጠኛ ማሲህ አሊነጃድ ኒውዮርክ ሆና ስትናገር ወንድሟ እዚያው ኢራን ታስሮ ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል። የእኛዋ እናት የደረሰባቸው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ደዋይ ሳይኖርም ይሠራል። ይህ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። ብዙ እናቶች ማንም ሳይደውልላቸው «ላይክ እንዳታደርግ» ይላሉ። ፍርሃቱ ራሱን ችሎ ቆሟል።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልሂድ። ይህን ካልተናገርኩ ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል።

ጫና ከዚህ ወደዚያ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ከዚያ ወደዚህም ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ የሚያርፈው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 2018 የተጠራው አድማ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው የሚያስገቡትን መንገዶች ዘግቷል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ጥሪው በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ፤ ውጭ ያሉ አክቲቪስቶችም አስተጋቡት። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በዚያው ሳምንት የሥልጣን መልቀቂያ አቀረቡ። ብዙ ሰው አድማውን ከልቡ ደግፎታል፤ እኔ አሁን ትክክል ነበር አልነበረም ልል አይደለም። የምለው ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ላይ ላይቭ የገባ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ድንጋይ የተደረደረበት መንገድ ላይ የምታምጥ ሴት ይዞ የቆመው የእኛ ሰፈር ባለታክሲ ነው። ሱቁን ዘግቶ ልጆቹን ምን እንደሚያበላ የሚጨነቀው የእኛ ጎረቤት ነው።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ያው የዲያስፖራ ድምፅ ጠቅሞናል። በ2019 መጀመሪያ ለገጣፎ ውስጥ ቤቶች ሲፈርሱ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ሲወድቁ፣ ጉዳዩ ከሰፈር ወሬ አልፎ ዓለም የሰማው ውጭ ያሉት ስለጮሁ ጭምር ነው። ስለዚህ «ዝም በሉ» ማለት አይደለም የምፈልገው። የምፈልገው ላይቭ ከመግባታቸው በፊት እዚህ ላለ ሰው እንዲደውሉ ነው። መንገዱን የሚዘጋው ማነው፣ ሆስፒታል በየት በኩል ይሄዳል፣ ማን ይጎዳል ብለው እንዲጠይቁ ነው።

ዲያስፖራው እርስ በርሱ የሚያደርገው ጫናም አለ። ሰልፍ አልወጣህም ተብሎ ምግብ ቤቱ ላይ ዘመቻ የሚከፈትበት ሰው አለ። የሌላውን አድራሻና የልጁን ትምህርት ቤት ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አለ። በ2023 የኤርትራ ፌስቲቫሎች ላይ፣ ጊሰን፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ፣ ደጋፊና ተቃዋሚ እስከ ደም የተፋሰሰው እንዲህ ያለው ነገር ሲጠራቀም ነው። ያን ያየ የአውሮፓ ፖለቲከኛ ማን ምን እንደበደለ አይለይም። ሁሉንም «የእነሱ ጣጣ» ብሎ ይጠቀልለዋል።

አዲሶቹ ሕጎች የሚያሰጉኝም በዚህ በኩል ነው። ተጎጂውን ለመጠበቅ ወጥተው ተጎጂውን ራሱን ተጠርጣሪ ሊያደርጉት ይችላሉ። እንግሊዝ በጁላይ 2025 የጀመረችው ምዝገባ፣ ካናዳም በሕግ የደነገገችው፣ ለውጭ መንግሥት ወይም በእሱ ትእዛዝ የሚሠራን ሰው ይመለከታል። የእኛ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት አይወዱም። ለእንቁጣጣሽ በዓል አዳራሹን ኤምባሲው ይከፍላል፤ ሊቀመንበሩ በቃል ያመሰግናል፤ ደረሰኝ የለም። ከዚያ ያው ማኅበር የሰልፍ ጥሪ ያወጣል። ምንም ክፉ ነገር አልተሠራ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ያጠራጥራል። ከኤምባሲም ሆነ ከተቃዋሚ ድርጅት ገንዘብ የተቀበለ ማኅበር በዓመታዊ ስብሰባው ላይ ስንት፣ ከማን፣ ለምን ብሎ ለአባላቱ ቢናገር ግማሹ ጥርጣሬ ይወገዳል። ጎፈንድሚ የሚከፍተውም እንዲሁ። እዚህ የደረሰውን ብር ማን እንደተቀበለ ያሳየ ሰው እምነት አያጣም።

እዚህ ላለነው ደግሞ ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

እንደዚያ ዓይነት ስልክ የመጣለት ሰው መጀመሪያ ይጻፈው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የተባለውን ቃል በቃል። ከዚያ ለልጁ እንዳለ ይንገረው፤ «ተው» ብቻ ብሎ አይዝጋው። ልጁ ያለበት አገር ሪፖርት የሚቀበል አካል አለ። አሜሪካ ያለ ለኤፍቢአይ፣ ካናዳ ያለ ለፌዴራል ፖሊስ ማመልከት ይችላል። የአንዲት እናት ማስታወሻ ብቻውን ክስ አይሆንም። አሥር እናቶች ከተለያየ ሰፈር በአንድ ሳምንት ከአንድ ቁጥር እንደተደወለላቸው የሚያሳይ ማስታወሻ ግን መርማሪ ሊይዘው የሚችል ነገር ነው። እስካሁን የጠፋው ይህ ነው። ጫናው በየጓዳው ተበትኖ ስለሚቀር የትኛውም ኮሚሽን ፊት አይቀርብም።

ስልኩንም ማጠናከር ይቻላል። ብዙ ሰው ቴሌግራም ሁሉ ነገር የተቆለፈ ይመስለዋል። አይደለም። የተለመደው የቴሌግራም ጽሑፍ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕና ሲግናል ግን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ፤ ሲግናል ላይ የምዝገባ መቆለፊያ ይባላል። እሱ ከበራ ሲም ካርዳችሁን ያወጣ ሰው እንኳ አካውንታችሁን በቀላሉ አይከፍትም። የእናታችሁ ስልክ ላይ አብሩት፤ የይለፍ ቃሉንም ጽፈው ቤት ያስቀምጡት። ያልተጠበቀ ፋይል፣ የሚታወቅ ሰው የላከው ቢሆንም፣ የፈለገውን ያህል የሚያጓጓ ፎቶ ቢኖርበት፣ አይከፈት። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ቤት የገቡት በዚያ በር ነው።

ውጭ ላላችሁት ደግሞ፣ ሰልፍ ስትወጡ የጓደኛችሁን ፎቶ ሳትጠይቁት አትልጠፉ። ለእናንተ ማስታወሻ ነው። እሱ ግን እዚህ እናት አለችው፤ ምናልባትም ያላለቀ ቤትና ሊታደስ የደረሰ ውክልና።